ቆሞ የከረመ አዲስ መኪና ዋጋው እንዴት እንደሚነገር

ዓመቱ ሊለወጥ ሲቃረብ ያልተሸጠ ዕቃ በመደርደሪያው የቀረበት ባለ ሱቅ ምን እንደሚያስብ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ የተረፈ ደብተርና ፋሲካ ካለፈ በኋላ የተረፈ የሕፃናት ልብስ በአካሉ ምንም ሳይጎድልበት በዋጋው እንደሚጎድል ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ደብተሩ ለከርሞው ተማሪ ያው ደብተር ነው፤ የተሠራበት ዓመት በላዩ ስላልተጻፈ ባለ ሱቁ እስከሚቀጥለው መስከረም ታግሦ በሙሉ ዋጋው ሊሸጠው ይችላል። መኪና ግን እንዲህ አይደለም። መኪና የዓመት ስም ይዞ የሚወለድ ዕቃ ነው፤ ስሙም በሻንሲው ቁጥር ውስጥ ተቀርጾ ስለሚገኝ ቢነዳም ቢቆምም ያረጃል። አንድ መንገድ ሳይሄድ፥ ላስቲኩም ከመቀመጫው ላይ ሳይገፈፍ፥ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ከጎኑ በቆመ ቀን «ያለፈው ዓመት» ይባላል።

እንዲህ ያለውን መኪና በርካሽ መግዛት ይቻላልን? ይቻላል። ነገር ግን ርካሽ የሚመስለው ሁሉ ርካሽ ስላልሆነ፥ ሻጩ የሚቀንሰው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣና ገዢውም በበኩሉ ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ በቁጥር ማስቀመጥ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ይልቁን የምናገረው የሞዴል ዓመት ስለ ተወለደበት ስለ አሜሪካ ገበያ ነው፤ ብዙዎቻችን በዚያ ወንድም ወይም እኅት ወይም ልጅ አለን፤ ከዚህም በቀር ወደ አገራችን መኪና የሚያስገባው ነጋዴ ያንኑ የዓመት ስም ከነዋጋው ይገዛል። የአዲስ አበባው ገበያ በምን እንደሚለይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የአገራችን አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መኪና በየዓመቱ ስሙን እንዲለውጥ ያደረገው የንግድ ብልሃት ነው። ሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለውን መኪና ከ1908 እስከ 1927 ድረስ መሠረቱን ሳይለውጥ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠርቶ ሸጠ። የተፎካካሪው የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የነበሩት አልፍሬድ ስሎን ግን በ1920ዎቹ ዓመታት መኪናውን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየለወጡ ማቅረብን ልማድ አደረጉት፤ ዓላማውም የአምናው መኪና ያለው ሰው የዘንድሮውን እያየ እንዲመኝ ነበር። ይህ ምኞት ለፋብሪካው ገበያ ሆነ። መኪናውን ተረክቦ ለሚሸጠው ወኪል ግን በየዓመቱ አንድ ጊዜ የሚመለስ ራስ ምታት ሆነበት፤ ለጠንቃቃ ገዢም ከዚያው በር ተከፈተለት።

በአሜሪካ ደንብ መሠረት አንድ የሞዴል ዓመት ስሙን የወሰደበትን ዓመት የመጀመሪያ ቀን ማቀፍ አለበት፤ የሚጀምረው ግን ካለፈው ዓመት ከጃንዋሪ 2 ቀን አንሥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የ2026 ሞዴል የተባለ መኪና በ2025 መጀመሪያ ወራት ተሠርቶ ቢገኝ ማጭበርበር አይደለም። አብዛኛዎቹ ፋብሪካዎች አዲሱን ሞዴል የሚያወጡት ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፥ በእነዚያ ወራት በአንድ ግቢ ውስጥ የሁለት ዓመት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ዋጋ የሚነገርበት ወቅትም ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሻጩ ኪስ እንግባ። በዚያ አገር እንደ ቴስላ ያሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ለገዢው በቀጥታ ቢሸጡም፥ በአብዛኛው የሚሸጠው የፋብሪካው ስም የተሰጠው ራሱን የቻለ ወኪል ነጋዴ ነው። ወኪሉም መኪናውን የሚረከበው ብዙውን ጊዜ በራሱ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከባንክ ወይም ከፋብሪካው የብድር ክፍል በተበደረው ነው፤ መኪናው በግቢው በቆመ ቁጥር ወለድ ይቆጠርበታል። ለምሳሌ ያህል 28,000 ዶላር የተበደረበት መኪና ወለዱ በዓመት ከመቶ 7 ቢሆን በየቀኑ 5 ዶላር ከ37 ሳንቲም ያህል ይበላል፤ ስድስት ወር ቢቆም 980 ዶላር ጨርሷል ማለት ነው። ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ቆሞበት ዲሙሬጅ የከፈለ አስመጪ ይህን ስሌት ያለ አስረጂ ይረዳዋል። መኪናው ለሻጩ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቀለብተኛ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በመኪናው መስኮት ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ባመነጩትና በ1958 በወጣው ሕግ የተደነገገ ነው። ወረቀቱ የመኪናውን ሞዴልና መለያ ቁጥር፥ የተገጣጠመበትን ቦታ፥ የተጨመሩለትን ዕቃዎች፥ የማጓጓዣውን ሒሳብና ፋብሪካው ያቀረበውን የመሸጫ ዋጋ መያዝ አለበት፤ ገዢው እስኪረከብ ድረስም ከመስኮቱ ሊነሣ አይገባም። በላዩ የተጻፈው ዋጋ ግን የፋብሪካው ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሻጩ ከሱ በታችም በላይም ሊሸጥ ይችላል።

ከዚህ ዋጋ ላይ የሚቀነሰው ገንዘብ ከአንድ ምንጭ ብቻ አይመጣም። የመጀመሪያው ምንጭ በመስኮቱ ዋጋና ፋብሪካው ለወኪሉ በሚልከው ፋክቱር፥ ዛሬ ኢንቮይስ በምንለው፥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ብዙ ገዢ «በፋክቱሩ ዋጋ ሸጥኩልህ» ሲባል ሻጩ ምንም ያላተረፈ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከፋክቱሩ ውስጥ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት የሚሆን ገንዘብ ይዘው ቆይተው በኋላ ለወኪሉ ይመልሱለታል። ሦስተኛው ምንጭ ፋብሪካው ራሱ ነው፤ ያለፈው ዓመት ሞዴል እንዲያልቅለት ለገዢው በግልጽ፥ ለወኪሉም በስውር ድጎማ ይሰጣል። ለገዢው የተሰጠው በማስታወቂያ ስለሚወጣ የገዢው መብት ነው፤ ሻጩ ከራሱ እንደ ቀነሰ አድርጎ ቢያቀርበው መቀበል አይገባም። ለወኪሉ የሚሰጠው ግን በማስታወቂያ ስለማይወጣ፥ መኖሩ የሚታወቀው ሌላ ወኪል ከፋክቱሩ በታች ሲሸጥ ነው። ይህ ሁሉ በብዙ ሻጮች ዘንድ ዋጋ መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

አሁን ደግሞ የገዢው ኪሳራ። ይህን የሚዘነጉት ብዙዎች ናቸው፤ እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ያለፈውን ዓመት ሞዴል የገዛ ሰው ከግቢው በወጣበት ቀን የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው መኪና ባለቤት ነው። ሲሸጠው ገዢው የሚጠይቀው «መቼ ገዛኸው?» ብሎ ሳይሆን «የስንት ሞዴል ነው?» ብሎ ነው። መኪናው በአደጋ ቢጠፋም የኢንሹራንስ ኩባንያው የሚከፍለው በሞዴሉ ዓመት ገምቶ ነው። ስለዚህ ሻጩ ከሚቀንሰው ገንዘብ ውስጥ ከፊሉ ትርፍ አይደለም፤ ወደ ፊት የሚጠፋው ዋጋ አስቀድሞ የተከፈለ ካሣ ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ብቻ የተሰጡ ናቸው። ያለፈው ዓመት ሞዴል የመስኮት ዋጋው 30,000 ዶላር ሆኖ 2,000 ተቀንሶ በ28,000 ይሰጣል እንበል። አዲሱ ሞዴል 30,600 ተጽፎበት ጥቂት ቢከራከሩ በ30,000 ይገኛል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት 2,000 ነው። ገዢው መኪናውን ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሸጥና በዚያን ጊዜ የአንድ ዓመት ልዩነት 2,500 ዶላር የሚያወጣ ቢሆን፥ በርካሽ ገዛሁ ያለው ሰው 500 ዶላር ከስሯል። አሥር ዓመት ይዞት ቢቆይ ግን በዚያ ዕድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት ከ500 ዶላር ላይበልጥ ስለሚችል 1,500 አትርፏል። መኪናውም አንድ፥ ዋጋውም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱን አክሳሪ ሌላውን አትራፊ ያደረገው የሚይዙበት ዘመን ርዝመት ነው። ስለዚህ መኪና በየሦስት ዓመቱ የሚለውጥ ሰው በጣም ትልቅ ቅናሽ ካላገኘ በቀር ያለፈውን ዓመት ሞዴል ባይነካ ይሻለዋል፤ እስኪያረጅ ድረስ የሚነዳ ሰው ግን በመጠነኛ ቅናሽም ይጠቀማል።

በምሠራበት ቤት ይህ ነገር በተግባር ተፈትኗል። የአሠሪዬ የእኅት ልጅ በአሜሪካ በሜሪላንድ ትኖራለች፤ በሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ ስለ ሆነች ያለ መኪና መኖር አልቻለችም። ለቅድሚያ ክፍያ የምታስቀምጠውን ገንዘብ በአራት ዓመት ነበር ያጠራቀመችው። ወደ አንድ የመኪና መሸጫ ሄዳ ያለፈውን ዓመት ሞዴል ስትጠይቅ የሽያጭ ሠራተኛው በመጀመሪያ ያቀረበላት ጥያቄ «በወር ስንት መክፈል ትችያለሽ?» የሚል ነበር። የምትችለውን ነገረችው፤ እርሱም ከዚያው ጋር የሚገጥም ውል አቀረበላት። ከመፈረሟ በፊት ግን «ጋሼ ንግድ ስለሚያውቅ ይየው» ብላ ወረቀቱን ላከችልን።

አሠሪዬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። የወሩ ክፍያ በትልቁ ተጽፏል፤ ብድሩ 84 ወር እንደሆነ በትንሹ ተጽፏል፤ የመኪናው ዋጋ ግን ለብቻው የትም አልተጻፈም። ያን ጊዜ እንዲህ ብለው አጻፉኝ፦ «ልጄ፥ ስለ ወሩ ክፍያ ከቶ አትናገሪ። ነጋዴ ስለ ወር ሲያወራ ስለ ዓመቱ እያስረሳ ነው። አስቀድመሽ የመኪናውን ዋጋ ቁረጪ፤ ብድሩን ከዚያ በኋላ ለየብቻው ተነጋገሪ። አሮጌዋንም መኪናሽን በለውጥ ልትሰጪ ከሆነ ዋጋው ካለቀ በኋላ አንሺባቸው እንጂ አስቀድመሽ አትጥቀሺ።» ይህ ምክር በአሜሪካም በመርካቶም አንድ ነው፤ ሦስት ሒሳብ በአንድ ላይ ሲደባለቅ በአንዱ የተቀነሰው በሌላው ይመለሳል።

ቀጥሎም ለአምስት ሻጮች በኢሜይል የሚላክ ደብዳቤ አዘጋጀሁላት። ለሌሎችም ሊጠቅም ስለሚችል ዋናውን ቃል ከዚህ አስፍሬዋለሁ፦

«የሻንሲ ቁጥሩ ከታች የተመለከተውን በግቢያችሁ የሚገኘውን ያለፈው ዓመት ሞዴል አዲስ መኪና ለመግዛት እፈልጋለሁ። ታክሱ፥ የታርጋው፥ የወረቀት ሥራውና ሌላም ማናቸውም ወጪ ተጨምሮ መኪናውን ይዤ የምወጣበትን አንድ ጠቅላላ ዋጋ ከነዝርዝሩ ጻፉልኝ። ይህንኑ ጥያቄ ለሌሎች አራት ሻጮች ልኬያለሁ። የተሻለ ዋጋ ላቀረበው በዚህ ሳምንት መጥቼ እፈርማለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሻንሲ ቁጥሩ ከሁሉ ይበልጣል። ቁጥሩ ከተጻፈ ሻጩ ስለ አንድ የተወሰነ መኪና እንጂ ስለ ዓይነቱ በጠቅላላ ሊያወራ አይችልም፤ «ያ ተሽጧል፥ ሌላ ግን አለን» ለማለትም መንገዱ ይጠብበታል። «ጠቅላላ ዋጋ» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም። ለወረቀት ሥራ ተብሎ የሚጠየቀው ገንዘብ በአንዳንዶቹ ስቴቶች በሕግ ጣሪያ ሲኖረው በሌሎቹ ግን ልቅ ስለ ሆነ፥ በዋጋው ላይ የተሸነፈ ሻጭ በዚያ በኩል ሊመልሰው ይሞክራል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለሻጩ የሚሰጥ ቁምነገር ነው፤ ዋጋ ጠይቆ ከሚጠፋ ሰው ይልቅ በዚህ ሳምንት የሚፈርም ሰው ይከበራል።

ከአምስቱ ሁለቱ «ብቻ ይምጡ፥ እንነጋገራለን» ብለው መለሱ፤ እነዚህ ተተዉ። ሦስቱ ዋጋ ጻፉ። ከሁሉ ዝቅተኛውን የጻፈው ዘንድ ስትሄድ ግን በወረቀቱ ላይ ያልነበረ ሒሳብ ተጨምሮ አገኘች፤ ለቀለም መከላከያ፥ ለመስተዋት ላይ ጽሑፍ፥ ለጎማ ውስጥ አየር እንኳ ሳይቀር ገንዘብ ተጽፏል። «ይህ በሁሉም መኪኖቻችን ላይ አለ» ተባለች። የላኩላትን ኢሜይል አሳይታ የተጨመረው እንዲሠረዝ ጠየቀች፤ እንቢ ሲሏት አመስግና ወጣች። ወደ መኪና ማቆሚያው ሳትደርስ ስልኳ ጠራ፤ ግማሹን ሊሠርዙላት ነበር፤ እርስዋ ግን አልተመለሰችም። ከሁለት ቀን በኋላ፥ ወሩ ሊያልቅ ሲል፥ ሁለተኛውን ዝቅተኛ ዋጋ የጻፈው ዘንድ ሄዳ በተጻፈው ዋጋ ተረከበች። የወር መጨረሻ መሆኑም ረድቷታል፤ ብዙ ወኪሎች በወሩ ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ሲሸጡ ከፋብሪካው ጉርሻ ስለሚያገኙ፥ ቁጥሩን ለመሙላት አንድ መኪና ሲጎድላቸው ያችን አንድ መኪና በኪሳራ እንኳ ይሰጧታል።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ገዢውን የሚያስገቡት ወደ ሌላ ክፍል ነው፤ ብድርና ልዩ ልዩ ዋስትና የሚሸጥበት ነው። በበሩ የተገኘው ቅናሽ ብዙ ጊዜ በዚያ ክፍል ይጠፋል። ከራስ ባንክ ወይም ከቁጠባ ማኅበር የብድር ፈቃድ አስቀድሞ ይዞ መግባት ይበጃል፤ ፋብሪካው የሚያቀርበው ዝቅተኛ ወለድና የገንዘብ ቅናሽም ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አብረው አይሰጡምና በየትኛው እንደሚሻል ማስላት ነው። ደግሞም በዚያ አገር ከመኪና መሸጫ የተገዛን አዲስ መኪና በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚል ወሬ በእኛ ሰዎች ዘንድ ሲነገር እሰማለሁ። ለቤት ለቤት ሻጮች የወጣው የፌዴራል የሦስት ቀን ደንብ ሻጩ በራሱ መደብር የሸጠውን መኪና አይመለከትም፤ ከፈረሙ በኋላ መጸጸት አይረዳም።

ቅናሹ በየዓመቱ እንደ ዝናብ ወቅት የሚጠበቅ አይደለም። በ2021ና በ2022 የኤሌክትሮኒክ ቺፕ እጥረት ፋብሪካዎችን ባስቆመ ጊዜ፥ ሻጮች ከመስኮቱ ዋጋ በላይ ሲጠይቁ ያለፈው ዓመት ሞዴል ራሱ ሳይረክስ አለቀ። ግቢው ባዶ ሲሆን ዓመት ዋጋ የለውም። በአንጻሩ አዲሱ ሞዴል መልኩና መሣሪያው ከመሠረቱ ተለውጦ ሲመጣ የቀድሞው በጣም ይወርዳል፤ ለውጡ የስም ብቻ ሲሆን ግን ቅናሹም ያንሳል፥ ገዢውም የሚያጣው ያንሳል። የቀረው መኪና ማንም ያልፈለገው ቀለም ቢሆን ለሻጩ ሸክም ለገዢው መደራደሪያ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ሲሸጥም እንደሚከተል አይርሱ።

ከመረከብ በፊት ስለሚደረገው ምርመራ ጥቂት ልበል። ለአሜሪካ ገበያ ከ1981 ሞዴል ወዲህ የተሠራ መኪና የመለያ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ከግራ ሲቆጠር አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግራል። የተሠራበት ወርና ዓመት ደግሞ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ይገኛል። በጎማው ጎን ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። ለብዙ ወራት የቆመ መኪና ባትሪው ደክሞ፥ ጎማው በአንድ በኩል ተጭኖ፥ የፍሬኑ ብረት ዝጎ ሊገኝ ስለሚችል ይነዳ፥ ይፈተሽ፤ ባትሪው ካስፈለገ በሻጩ ወጪ ይለወጥ። ጋራንቲው የሚቆጠረው መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ላይ ከዋለበት ቀን እንጂ ከተሠራበት ቀን አይደለም። ሆኖም መኪናው ለሙከራ ወይም ለሠራተኛ መገልገያ ወጥቶ እንደሆነ ጋራንቲው አስቀድሞ ጀምሯል፤ ስለዚህ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይቶ ቀኑን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። አንድ አንባቢ «እኛ ዘንድ የቆመ መኪና ሲረክስ አላየንም፤ እንዲያውም ይወደዳል» ቢል አልቃወመውም። የመንግሥት ውሳኔ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲመራ ባደረገበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ወጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከ100 ብር አለፈ። በቀድሞው ምንዛሪ ያስገባውን መኪና በማሳያው ያቆመ አስመጪ፥ ያንኑ መኪና መልሶ ለማምጣት ስንት እንደሚያወጣ ስለሚያስብ፥ ዋጋውን ከፍ አደረገ እንጂ አልቀነሰም። በአሜሪካ መቆም ወለድ ይበላል፤ በእኛ ዘንድ ብር በሚወድቅበት ዘመን መቆም ራሱ ትርፍ ይመስላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ «ዓመቱ አልፎበታልና ቀንስልኝ» የሚል ገዢ ብቻውን አያሸንፍም።

የሚያሸንፈው ዋጋውን በዶላር አስቦ የሚመጣ ነው። የዘንድሮው ሞዴል ዛሬ ታዝዞ፥ ቀረጡና ታክሱ ተከፍሎ፥ ከጅቡቲ ተጓጉዞ አዲስ አበባ ቢደርስ ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያስላ፤ ከዚያ ላይ የዓመቱን ልዩነት ይቀንስ። ይህ የእኛ «የመስኮት ዋጋ» ነው፤ ማንም አይለጥፍልንም፥ ራሳችን እንጽፈዋለን። የመኪናውን ዲክላራሲዮን ለማየት ይጠይቅ፤ የገባበት ቀን ስንት ወር እንደ ቆመ ይናገራል። ሻጩም ጥሬ ገንዘብ የሚቸግረው መቼ እንደ ሆነ ይወቅ፤ አዲስ ጭነት ጅቡቲ የደረሰለትና ቀረጥ የሚጠበቅበት አስመጪ፥ ለአሜሪካው ወኪል የወር መጨረሻ የሆነው ቀን ለእርሱ ያ ነው። በዚያ ሳምንት ሙሉ ክፍያ ይዞ የቀረበ ገዢ ከደላላው በፊት ይሰማል።

ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ ከተገለጸ ወዲህ ገበያችን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዘንብሏል፤ በዚህ ዕቃ ላይ የዓመት ስም ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። የቻይና ፋብሪካዎች እርስ በርሳቸው ዋጋ እየሰበሩ አዲስ ሞዴል ቶሎ ቶሎ ስለሚያወጡ፥ የአምናው ባትሪ በአንድ ሙሌት የሚሄደው መንገድ ከዘንድሮው ሊያንስ ይችላል። ቅናሹም በዚሁ ልክ መጠየቅ አለበት። በ2025 በቻይና «ዜሮ ኪሎ ሜትር ያገለገለ መኪና» የሚባል ነገር ብዙ አነጋግሯል፤ ምንም ያልተነዳ መኪና የሽያጭ ቁጥር ለማሳመር በወረቀት ብቻ እንደ ተሸጠ ተመዝግቦ እንደገና ለገበያ ይቀርባል ማለት ነው። ነገሩን በይፋ ያነሡት የግሬት ዎል ኩባንያ ሊቀ መንበር ዌይ ጂያንጁን ነበሩ። እንዲህ ያለው መኪና በአካሉ አዲስ ሲሆን በወረቀቱ ያገለገለ ነው፤ ለአስመጪው ግን ወረቀቱ ከአካሉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በነዳጅ ለሚሄዱ መኪናዎች በአዲስና ባገለገለ መካከል፥ ባገለገሉትም መካከል በዕድሜ ልዩነት እንዳደረገ የሚያስታውስ ሁሉ፥ በወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ምን ያህል ብር እንደሚመዝን ይገነዘባል።

ለቻይና ገበያ ብቻ ተሠርቶ የመጣውን መኪና ፋብሪካው በሌላ አገር ጋራንቲውን ላያከብርለት ይችላል፤ የመሙያው ሶኬት የቻይናን ደንብ የተከተለ፥ ሰሌዳውም በቻይንኛ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ይህ መኪና ከወኪሉ ከገባው ጋር በአንድ ዓመትና በአንድ ስም ቢጠራም በአንድ ዋጋ ሊሸጥ አይገባውም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት የዋናውን ባትሪ ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ አስለክቶ ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበል፤ ለብዙ ወራት ባዶውን ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ ባትሪ በዓይን ሲያዩት አይታወቅም። የሽያጭ ውሉም ሲጻፍ የተሠራበት ዓመት በዲክላራሲዮኑ፥ በውሉና በሊብሬው ላይ አንድ መሆኑ በቁጥር እየተነበበ ይመሳከር፤ ልዩነት ከተገኘ ቀሪው ክፍያ እስኪስተካከል ድረስ በባንክ ይቆይ።